እጄን በሶፍት የጠረግኩ ዕለት

ጓዶች፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ ግለ ሂሴን ቶሎ ላውርድ። ዛሬ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ክብሬ ተቀብሯል!

እጮኛዬን መሰረትን ታውቋታላችሁ። እሁድ ወላጆቿ ቤት ሽማግሌ ልልክ ነው። ማለቴ... ነበር።

ሰሞኑን እናቷ እማማ አስካለ ምሳ ጋበዙኝ። ማስታጠቢያ ይዘው ቆሙልኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «አይልፉ እማማ፣ ንጹህ ነኝ!» ብዬ እጄን በሶፍት ጠረግ ጠረግ። ዘመናዊ ነኛ!

ክትፎውን አጎረሱኝ። እኔም በተራዬ የቤቱን ሰው ሁሉ አጎረስኩ።

ከቀናት በኋላ ሆዴ ዐመፀ። ዝርዝሩ ይቅርባችሁ፤ ሩጫ ነበረበት።

ዝም ብል ምን ነበረበት? «የእናትሽ ጉርሻ ነው የጎዳኝ» አልኳት መሰረትን። መሰረት ደግሞ ወሬ አታሳድርም።

ዛሬ ጠዋት እማማ ደወሉ። «ስማ ልጄ፣ በዚህ እጅ ልጆች አሳድጌበታለሁ። መርዝ ከሆነ ሐኪም ፊት ይታይ! ሦስታችንም እንመረመራለን።»

ግምገማ ተጠራ ማለት ነው።

ሄድን። የየራሳችንን ዕቃ አስረከብን። ድሮ ማይክሮስኮፕ ይታይ ነበር፤ አሁን ሰገራውን በፈሳሽ በጥብጠው የእርግዝና መመርመሪያ በምትመስል ነገር ላይ ጠብ ያደርጉታል። አንድ መስመር፣ ነፃ። ሁለት መስመር፣ ጉድ! ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ይደርሳል።

የላብራቶሪዋ ልጅ በመስኮት ብቅ አለች። ወረፋው ሁሉ እየሰማ!

«እማማ፣ ነፃ ነዎት። መሰረት፣ አንቺም። አንተ ግን ሁለት መስመር ነህ፣ ጃርዲያ። ስትበላ እጅህን ትታጠባለህ?»

«በደንብ!»

«ውሸቱን ነው፣ በሶፍት ነው!» አሉ እማማ።

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። መሰረት ግን አልሳቀችም። የፈራሁት እሱን ነው። ይህቺን የመሰለች ልጅ በአንድ ሶፍት ላጣት?

የእማማን ጉልበት ልስም ዝቅ አልኩ። ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝና «ና፣ ምሳ ደርሷል» አሉ።

ቤት እንደገባን ማስታጠቢያውን ራሳቸው ያዙ። ሳሙና። ደግሞ ሳሙና። ጥፍሬን ሳይቀር ገልብጠው አዩ። ከዚያ አጎረሱኝ። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ሰው እንደዚያ ስሙን አጥፍቼው እንዲህ ያጎርሰኛል?

አጸፋውን ልመልስ ጠቅለል አድርጌ እጄን ዘረጋሁ። በቤቱ ያለ አፍ ሁሉ ግጥም!

«መጀመሪያ መድኃኒትህን ጨርስ፣ ደግመህ ተመርመር» አሉ እማማ። «ሽማግሌዎችህም ያኔ ይምጡ። አንድ መስመር መሆንህን አረጋግጠው!»

መሰረት ይሄኔ ነው የሳቀችው።

እስቲ ፍረዱኝ ጓዶች! የሰው ቤት ቆሞ «የልጃችንን የሰገራ ውጤት ይዘን መጥተናል» ብሎ ንግግር የሚከፍት ደፋር ሽማግሌ ከመካከላችሁ አለ?