የአርሊስን ሽጉጥ የበር እጀታ ስለማድረግ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ሜይ 14 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ የፕላም ሆሎ የሽጉጥ ተኩስ ክለብ የቆርቆሮ ቤት፣ ነብራስካ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡10

የተገኙ፦
ኤልዶን ህሩሽካ፣ ሊቀመንበር
ዱዌይን ቪትላ፣ የጥይት ኃላፊ
ላቮና ኮቫንዳ፣ የዒላማ ዳኛ
ሚሎ ብላዜክ፣ ጸሐፊ
ሊሮይ ሽመርካ፣ አባል፤ ማዶ በቆሎ ሲዘሩ በመስኮት ስለሚታዩ እንደተገኙ ተቆጥሯል። ድምፃቸውን በትራክተር ጥሩምባ ይሰጣሉ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ጸሐፊው በልቡ አጭር ጸሎት አድርሶ ብዕሩን አነሳ።

አጀንዳ 1፦ የክለቡ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ለምን ይስታል?

ሽጉጡን ለክለቡ የተወችው የጸሐፊው ሟች ባለቤት አርሊስ ናት። በደንባችን ከስድስቱ የጥይት ቀዳዳዎች አምስቱ ይጎርሳሉ፤ የሽጉጡ መቺ የሚያርፍበት አንዱ ባዶ ይቀራል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ከአምስቱ አንዱ ጥይት ወደፈለገበት ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ሰሌዳ በስቷል።

ዱዌይን ባለ ረጅም ቀለህ ጥይት እንዲታዘዝ ጠየቁ። እስካሁን የምንተኩሰው አጭሩ እዚህ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ፣ የጥይቱ እርሳስ ወደ አፈሙዙ ለመድረስ ባዶ ቦታ መዝለል ስላለበት ይንገዳገዳል አሉ። ላቮና «አንተ ዱዌይን፣ ረጅሙ የእጄን አንጓ ሊነቅለው ነው! ይንገዳገድ፤ አንተስ መቼ ቀጥ ብለህ ሄደህ ታውቃለህ?» ሲሉ ተቃወሙ። ዱዌይን የሚያነክሱበት ጉልበታቸው በአጀንዳ እንዳልተያዘ አስታወሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ አጭሩ እንዲቀጥል ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ኮላች

ሊቀመንበሩ፣ አምስቱም ጥይት ዒላማ የመታባቸው ጥቂት ቀናት ላቮና ኮላች የሚባለውን መዳፍ የሚያክል ባለ ፕሪም ጣፋጭ ዳቦ ጋግረው ያመጡባቸው እንደነበሩ ገለጹ። ማንም ሁለት ኮላች ሳይበላ ሽጉጥ እንዳይነካ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔው ወዲያው ተግባራዊ ሆነ። ሊሮይ ድርሻቸውን ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፉ፤ እንደ ድጋፍ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ የሽጉጡ ዕጣ

ሊቀመንበሩ «በቃ፣ አርጅቷል። ለዋናው በር እጀታ ይሁን፤ ያኔ ማንም አይስተውም» አሉ። ሊሮይ ቁራ ለማባረር ጥሩምባ ነፉ፤ ድምፃቸው ተቆጠረ። ጸሐፊውም እጁን አወጣ። ለምን እንዳወጣ ራሱን ጠይቋል፤ መልሱ በአጀንዳ ስላልተያዘ አልተመዘገበም።

አጀንዳ 4፦ (ያልታቀደ)

ላቮና ሽጉጡን ለመሰናበት አንስተው ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ከበሮ አሽከረከሩና «ቀይ ነጥቧ የታለች?» አሉ። «አርሊስ እኮ ሁልጊዜ ቀይ ያስነካችውን ቀዳዳ ነበር ባዶ የምትተወው።»

ጸሐፊው «ከቀብሯ ማግስት ወለወልኩት። ዝገት መስሎኝ ጣቴ እስኪላጥ ፈተግኩት» ሲል አመነ።

«አንተ ሰውዬ! የጥፍር ቀለሟ ነበር!» አሉ ላቮና።

ጉባኤው ወደ መተኮሻው ሜዳ ወጣ። ቀዳዳዎቹ በጠመኔ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ዱዌይን ከኪሳቸው ባወጡት ረጅም ጥይት አንድ በአንድ ተተኮሰባቸው። የአምስቱ ቀዳዳዎች ጥይቶች አንድ ኮላች በሚሸፍነው ቦታ ላይ ተሰበሰቡ። አራተኛዋ ቀዳዳ ግን ሰፍታ ተገኘች፤ ጥይቱ ውስጧ ይንኳኳል። ስትተኮስ ያንኑ ሰሌዳ ዳግመኛ በሳች። ታላቅ ጩኸት ሆነ። ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ ጣሪያው ላይ ቀርቷል። ላቮና አንጓቸውን እያሹ «ይሁን፣ ረጅሙ ይታዘዝ» አሉ።

ዱዌይን እንዲህ ያለ ቀይ ከየት ይገኛል ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው፣ የአርሊስ የጥፍር ቀለም በቤቱ መታጠቢያ ክፍል መስታወት ሥር እንዳለ፣ ሦስት ዓመት አቧራ ለመጥረግ ብቻ እንዳነሳው፣ ይድረቅ አይድረቅ ግን ከፍቶ አይቶ እንደማያውቅ አስረዳ። ሄዶ አመጣው። አልደረቀም። አርሊስ ክዳኑን አጥብቃ ነበር የዘጋችው።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የተበላው ኮላች አይመለስም። አራተኛዋ ቀዳዳ በጸሐፊው እጅ ቀይ ትቀባ፤ ምንጊዜም ባዶ ትሁን።

ስብሰባው ቀለሙ እስኪደርቅ ተጠብቆ ከቀኑ 10፡50 ተዘጋ።