ዘሥላሴ የሕፃናትን ድህነት ጥናት ሊያስጨርስ ወደ አንኮበር እንደ ዘመተ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ ረቂቅ የተባለው ንጉሥ በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ ትውልዱ ከመዘዞ፣ ኑሮው በደብረ ብርሃን የሆነ፣ ሰንጠረዥ አቃኝ፣ የግርጌ ማስታወሻ ጠባቂ፣ በስብሰባ ላይ ሳያንቀላፋ መቀመጥ የተቻለው ዘሥላሴ፣ አማካሪ ቀጥሮ ጥናት ለማስጨረስ የፈጸመው ገድል ይህ ነው። ጸሐፊውም ያየውን እንዳየ፣ የሰማውን እንደ ሰማ፣ ያላየውንና ያልሰማውንም ከሾፌሩ ከካሴ ጠይቆ ጻፈ፤ ካሴ የሚያጋንንበት ቦታ ይታወቃልና እርሱን ቀንሶ።

ወበውእቱ መዋዕል፣ ማለት በዚያ ዘመን፣ ዘሥላሴ ከአሮጌው ገበያ በላይ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ያለ የአንድ ትንሽ ግብረ ሠናይ ድርጅት የጥናት ባለሙያ ነበረ። ድርጅቱም «የሕፃናት ድህነት በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ» የተባለ ጥናት ጀምሮ ነበር፤ መጀመሩንም ሁሉ ያውቅ ነበር፤ መጨረሱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት «የመጨረሻ» የተባለው ረቂቅ ነገሠ፤ በሁለተኛው «የመጨረሻ የመጨረሻ» አባቱን ሽሮ ተተካ፤ በሦስተኛው «የመጨረሻ ይኼኛው» ሁለቱንም አስሮ ዙፋኑን ያዘ። በሦስቱም ዘመነ መንግሥት የተጨመረው ነገር ቢኖር የሽፋኑ ቀለም ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጸሐፊው ቀለሙን ባላባከነ ነበር። ነገር ግን ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች፣ በከተማዋ ዳር በተፈናቃዮች መጠለያ የምትኖር፣ በዋናው መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ባዩሽ የምትባል ሴት ነበረች። ዘሥላሴም በየዓመቱ ያንኑ መጠይቅ ይዞ ወደ ድንኳኗ ይሄድ ነበር፤ ልጆቿ ትናንት ምን እንደ በሉ፣ ስንቴ እንደ በሉ፣ ሳይበሉ የዋሉበት ቀን እንዳለ ይጠይቅ ነበር። ታላቋ ልጇ ሰላማዊት ቁርስ ሳትቀምስ ትምህርት ቤት ትሄድና አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ተኝታ ትገኝ ነበር። በሦስተኛውም ዓመት መጠይቁ ሲዘረጋ ባዩሽ ተነሥታ አዋጅ አስነገረች፣ እንዲህ ስትል፦

«ስሙ፣ የምትጽፉ ሁሉ! አምና የነገርኳችሁ ነው፣ ካቻምናም የነገርኳችሁ ነው። መልሱ አልተለወጠም። ወይ ጥያቄውን ለውጡልኝ፣ ወይ ለልጆቹ የሚበላ ነገር አምጡ!»

ዘሥላሴም ይህን ሰምቶ ልቡ ተነካ፤ ልቡም ከተነካ ዘንድ አፉ ቀደመና፣ የባለሙያ ሥነ ምግባር የሚከለክለውን ነገር አደረገ፤ ቃል ገባ። ለመስከረም ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ ምሳ ይበላሉ ብሎ፣ እንዲያውም በእናቱ ምሎ፣ ወጣ። ወደ ቢሮም በተመለሰ ጊዜ ከባሕር ማዶ ያለው ለጋሽ ያወጀው አዋጅ ደርሶ አገኘው፣ እንዲህ የሚል፦ «ጥናቱን ተከትሎ ለታቀደው የተማሪዎች ምሳ የሚሆነው ገንዘብ የሚለቀቀው፣ ጥናቱ በውጭ አማካሪ ተጠናቅቆ እስከ ሰኔ መጨረሻ በእጃችን ሲገባ ነው። ሰኔ ካለፈ ለሌላ ሀገር ይሰጣል። ከአክብሮት ጋር።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ዘሥላሴ በሽንኩርቱ መንገድ አላለፈም። ከቤቱ ወደ ቢሮው ቀጥ ብሎ የሚወስደውን አስፋልት ትቶ፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካው ጓሮ በኩል፣ ጫማው ጭቃ እየጠጣ፣ ውሾች እየጮሁበት፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ጀመር። ሰው ሲጠይቀው ለጤናዬ ነው ይል ነበር። ለጤናው አልነበረም፤ አፍሮ ነበር። ይህንንም ጸሐፊው አይደብቅም።

ከዚህም በኋላ አማካሪ ለመቅጠር ዐቢይ ኮሚቴ ተሰየመ። ሰብሳቢዋ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ነበሩ፤ ሁለት መነጽር ያላቸው፣ አንዱን በሌላው የሚፈልጉ። ሁለተኛው የግዥ ኃላፊው ሙሉጌታ ነበር፤ ሦስት ተወዳዳሪ ሳያይ ውኃ የማይገዛ፣ ማኅተሙን ከኪሱ የማይለይ። ሦስተኛው ራሱ ዘሥላሴ ነበረ። ኮሚቴውም አማካሪው ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ፣ ቢጋር የሚባል ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ዘሥላሴን አዘዘ፤ እርሱም በአንድ ገጽ ጽፎ አቀረበ፤ «ጥናቱን ጨርስልን» የሚል ነበር በአጭሩ።

ወይዘሮ ፍቅርተማርያምም አዋጅ ነገሩ፦ «የሚመጣው ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ መነሻውን ካላወቀ ይጠፋብናል። መነሻው ይጻፍለት!» ዘሥላሴም መነሻውን ጻፈ። ዳግመኛም አወጁ፦ «ያገኘነውን ካላወቀ የጎደለውን በምን ያውቃል? ያገኘነው ሁሉ ይጻፍለት!» ዘሥላሴም የተገኘውን ሁሉ ጻፈ፤ የተበተነውን ሰበሰበ፤ ባለፉት ሁለት ነገሥታት ዘመን ተጣልተው የነበሩትን ሰንጠረዦች አስታረቀ። በመጨረሻም ሙሉጌታ ማኅተሙን ጨብጦ አወጀ፦ «ነገ ኦዲተር ቢመጣ ምን እላለሁ? የምንጠብቀው ማጠቃለያ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ናሙናው ይግባ!» ዘሥላሴም የማጠቃለያ ናሙና ጻፈ፤ የምክረ ሐሳብ ናሙናም ጨመረበት። ቢጋሩም ሲወለድ አንድ ወረቀት የነበረው፣ ግንቦት ሲያልቅ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ሆነ። የሆነውን ነገር ግን ማንም ልብ አላለም፤ ዘሥላሴም ራሱ ልብ አላለም፤ በፋይሉ ላይ ቢጋር የሚል ስም ነበረበትና።

ማስታወቂያውም በሰሌዳ ተለጠፈ፤ ሙሉጌታም እንደ ሕጉ ሦስት ተወዳዳሪ እስኪመጣ ድረስ በሩ ላይ ቆመ፤ ሦስትም መጡ። ፊተኛው ቀድሞ ስለ ዓሣ እርባታ የጻፈውን ሰነድ አንሥቶ፣ ዓሣ የሚለውን ሁሉ ሕፃን በሚለው ተክቶ አቀረበ፤ ሰነዱም «ሕፃናቱ በኩሬው ውስጥ እንዳይጨናነቁ መረቡ በየወቅቱ ይፈተሻል» እያለ፣ «በጾም ወራት የሕፃናት ተፈላጊነት ስለሚጨምር» እያለ ይቀጥል ነበር። ወይዘሮ ፍቅርተማርያም አንዱን መነጽር አውልቀው ሌላውን አድርገው ደግመው አነበቡት፤ አልተለወጠም። ሙሉጌታ ግን ፖስታው በሥርዓት ታሽጎ ስለ መጣ ሙሉ ነጥብ ሰጠው። ሁለተኛው ከሠርጉ ዕለት የተቆረጠ ፎቶግራፍና የስልክ ቁጥር ብቻ ላከ። ሦስተኛው ዶክተር ሚኪያስ የሚባሉ የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ፤ ስለ ዓሣ አንድም ቃል ስላልተናገሩ አሸነፉ።

ወእምዝ፣ ማለት ከዚህም በኋላ፣ ዘመቻው ታወጀ። ሪፖርት በገዛ ቢሮው ተጠናቅቆ እንደማያውቅ፣ ከከተማ ወጥቶ፣ አዳር አድሮ፣ አበል ተበልቶበት እንደሚጠናቀቅ የሀገሩ ሥርዓት ነውና፣ ሠራዊቱ በሰኔ መጨረሻ ሳምንት ወደ አንኮበር ተነሣ። በፊት አውራሪነት ካሴ ሾፌሩ፣ አንድ የመስታወት መጥረጊያ ብቻ በቀረው ላንድክሩዘር፤ ከእርሱ ጎን ዶክተር ሚኪያስ፣ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው፤ ከኋላ በቀኝ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ከሁለት ጋቢና ከሁለት መነጽር ጋር፤ በግራ ሙሉጌታ ከማኅተሙ ጋር፤ በመካከል የሒሳብ ሠራተኛዋ ታንጉ፣ አበል የሚፈረምበትን ወረቀት በደረቷ አቅፋ፤ በስተኋላም ዘሥላሴ፣ በብርድ ልብስ ከተጠቀለለው ማተሚያ ማሽን፣ ከውኃው ካርቶንና ከቆሎው ፌስታል ጋር ተጣጥፎ። ዝናቡም ዘነበ፤ መጥረጊያው በዶክተሩ በኩል ስለ ነበረ ለዶክተሩ መንገዱ ይታይ ነበር፤ ለካሴ ግን አይታይም ነበር። ቢሆንም ደረሱ።

አንኮበርም በጉም ተሸፍና ጠበቀቻቸው። ዶክተር ሚኪያስ በማግሥቱ ከቁርስ በኋላ ቢጋሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጡት፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሽፋኑን ብቻ ነበር የሚያውቁት። አነበቡ፤ ምሳ ቀረበ፤ እያነበቡ በሉ፤ ሠራዊቱም ቆሎውን እየቆረጠመ ዐይን ዐይናቸውን አየ። በኋላም ተነሥተው አወጁ፦

«ይህ ቢጋር አይደለም፤ ጥናቱ ነው። መነሻ አለው፣ ግኝት አለው፣ ማጠቃለያ አለው፣ ምክረ ሐሳብ አለው። እኔ ምን እንድሠራ ነው የጠራችሁኝ?»

በዚያን ጊዜ ታንጉ የቀሩትን የአበል ቀናት አስባ ደነገጠች። ሙሉጌታም ያለቀን ሥራ ለማስጨረስ የተፈጸመ ግዥ በየትኛው አንቀጽ እንደሚታይ አስቦ ላብ አጠመቀው። ዘሥላሴ ግን ጭንቀቱ እንደ ጉም ሲገፈፍለት ተሰማው፤ ሳያውቀው ጨርሶት ነበርና! የቀረው ከሽፋኑ ላይ ቢጋር የሚለውን ፍቆ፣ የዶክተሩን ስም አስገብቶ መላክ ብቻ ነበረ።

ዶክተሩ ግን የክብር ሰው ነበሩ፤ ምንም ሳይጨምሩ ስማቸው እንዲገባ አልወደዱም። ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጨመሩ፤ እርስዋም «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የምትል ነበረች። ዘሥላሴም ባያት ጊዜ ፈራ። ለጋሹን ያውቀዋልና፤ ይህችን ካነበበ እንግዲያውስ ተጨማሪውን ጨርሱና ምሳው ያኔ ይታያል እንደሚል፣ አራተኛው ንጉሥም እንደሚነግሥ፣ ሰላማዊትም ሌላ ዓመት ዴስኩ ላይ እንደምትተኛ ያውቃልና። ለመናቸው። እርሳቸውም ያለዚህች ዐረፍተ ነገር የተዘጋ ጥናት በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ አወጁ፤ ወይዘሮ ፍቅርተማርያምም ለጥናቱ ሚዛን ጥሩ ናት ብለው አጸኑላቸው።

ያን ጊዜ ዘሥላሴ ታጥቆ ተነሣ። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ የዶክተሩን እጅ ይዞ፣ ኔትወርክ ከአምባው ጫፍ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው ብሎ ወደ ዳገቱ ነዳቸው፤ ይህም እውነት ነበር። የጥንት ነገሥታት ከተማቸውን ባቀኑበት አምባ ላይ እያዳለጣቸው፣ እያለከለኩ፣ የዶክተሩ ሻርፕ በቁጥቋጦ እየተያዘ ወጡ። በጫፉም ላይ ዘሥላሴ ስልኩን አወጣ፤ አፈረም። ስንት ወር በጭቃ ዙሮ የሸሻትን ሴት በገዛ እጁ ሊጠራት ነበርና። ደወለ። ከማዶም አዋጅ መጣ፦

«ዘሥላሴ? አንተ ጉደኛ፣ አለህ እንዴ! በፋብሪካው ጓሮ ጭቃ ለጭቃ ስትሹለከለክ ያዩህ ሰዎች ነግረውኛል። እኔ ምን አደረግኩህ? ሽንኩርት ነው የምሸጥ፣ ጅብ አይደለሁ!»

ዘሥላሴም ልክ ነሽ ማለት ብቻ ተቻለው፤ አልካደም፣ ሰበብም አላቀረበ። ስልኩንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ዶክተሩ ዘረጋና፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልግ እንደ ሆነ ራሳቸው ይጠይቋት ዘንድ ለመናቸው። ዶክተሩም ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠየቁ። ባዩሽም አወጀች፦

«ጌታዬ፣ ማን እንደሆኑ አላወቅኩም፤ አክብረው ስለጠየቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። መጠየቅ ከሆነ ይምጡ፣ አልቀየምም፣ ለምጄዋለሁ። ብቻ ሲመጡ ምሳውን ይዘው ይምጡ። ልጆቹ እየበሉ እርስዎ ይጠይቁኛል፣ እኔም እስኪመሽ እመልስልዎታለሁ።»

ኔትወርኩም በዚህ ተቋረጠ። ዶክተር ሚኪያስ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ጉሙ ነው አሉ። ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላፕቶፑን ከጋቢው አስፈቱና፣ ዐረፍተ ነገራቸውን በገዛ ጣታቸው አጥፍተው ሌላ ጻፉ፤ በጥናቱ ሁሉ የእርሳቸው የሆነው ይህ ብቻ ነው፦ «ተጨማሪ ጥናት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ልጆቹ ምሳ እየበሉ ይሁን።» ኔትወርኩም ሲመለስ፣ ሰኔ ሳያልቅ፣ «የመጨረሻ ይኼኛው» ከዙፋኑ ወርዶ ተላከ፤ የረቂቅም መንግሥት በዚያ ተፈጸመ።

ዘመነ ማርቆስም ብቶ ትምህርት በተከፈተ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ግቢ ድስት ተጣደ። ድርጅቱም ለባለድሎቹ ሽልማት ሰጠ፤ ለዶክተሩ ጋቢና የምስክር ወረቀት፣ ለወይዘሮ ፍቅርተማርያም የግድግዳ ሰዓት፣ ለሙሉጌታ ለማኅተሙ አዲስ ቀለም። ለዘሥላሴ የተሰጠ የለም፤ እርሱ ቢጋሩን ብቻ ነበር የጻፈው ተብሎ ተመዝግቧልና።

በዚያም ሳምንት ዘሥላሴ ከሥራ ሲወጣ የፋብሪካውን ጓሮ ትቶ በአስፋልቱ መጣ፤ በሽንኩርቱ ፊትም ቆመ። ባዩሽም ቀና ብላ አየችውና የመጨረሻውን አዋጅ አስነገረች፦ «ሰላማዊት በአራተኛው ክፍለ ጊዜ አልተኛችም። እጇን አውጥታ መልስ ሰጠች አሉኝ፤ ተሳስታለች፣ ግን ነቅታ ነው የተሳሳተችው። በል፣ ስንት ኪሎ ላድርግልህ?»

አንድ ኪሎ አስመዘነ። እርስዋም መዝና በላዩ አንድ ራስ ሽንኩርት መረቀችለት፤ ከክምሩ ትልቁን መርጣ።

ስለዚህ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የመዘዞውን ዘሥላሴ አመስግኑት፤ ሳያውቅ የጨረሰውን፣ አፍሮ የደወለውን፣ አንዲትን ዐረፍተ ነገር ከአምባ ላይ ያስጣለውን። ነገሥታት ለጀግኖቻቸው ካባና ጎራዴ እንደ ሸለሙ ተጽፏል፤ እርሱ ግን ሽልማቱን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ጫማው ጭቃ ሳይነካው፣ በቀጥተኛው መንገድ ወደ ቤቱ ገባ።