ሊቀ እንከን እና የእትዬ አመተ ሥላሴ ዳትሰን

በዚህ አገር ብቻውን ሄዶ መኪና የገዛ ሰው የለም። አለሁ የሚል ካለ ወይ ይዋሻል፣ ወይ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማበታለች። ሰው መኪና ሊገዛ ሲነሳ "የሚያውቅ ሰው" ይዞ ነው የሚሄደው። የሚያውቅ ሰው ደግሞ በየሰፈሩ አለ፤ እናንተም ሰፈር አለ፣ ይኸው ገና ስጀምር ስሙ ትዝ ብሏችኋል። የራሱ መኪና የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። ነገር ግን ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ፣ ከንፈሩን መጥጦ "እህም" ካለ ሻጩም ገዢውም ይሸበራሉ።

የመሳለሚያው የሚያውቅ ሰው ጋሼ ኪዳነወልድ ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው ሊቀ እንከን ኪዳነወልድ ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሐምዱ ነው፣ ያውም በሆዱ። ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ ሊጠራቸው እንዴት ይደፍራል? የሟች አባቱ ወዳጅ ናቸው፣ በልጅነቱ ጆሮውን የቆነጠጡት ሰው ናቸው።

ሐምዱ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ምናለሽ ተራ ባለች ጠባብ ሱቁ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከአሮጌ ላሜራ በር ሲያወጣ ይውላል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሐሳብ ይዞታል፤ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ ፈታቶ አድሶ፣ ለአረፋ እናቱን ከፊት አስቀምጦ ወራቤ መግባት። እናቱ እትዬ ሀፍሷ በየዓመቱ ለአረፋ አገር ቤት ሲገቡ አውቶቡስ ተራ ከወጣት ጋር ሲጋፉ ነው የሚያነጉት። አምና ግፊያው ጣላቸውና ጉልበታቸው ተጎዳ። ከአልጋ ሳይነሱ፣ "በቃኝ፣ ከእንግዲህ አገሬን በወሬ እሰማለሁ" አሉ። ሐምዱ ያን ቀን፣ የመጣው ይምጣ፣ እናቴ በወሬ አይሰሟትም ብሎ ማለ።

ታዲያ ምን ያዘው? ጋሼ ኪዳነወልድ ያዙት። የሚስቱ የሂዳያ ቃል አንድ ነው፦ "ጋሼ ኪዳኔ ሳያዩት ከዚህ ቤት አንድ ብር አይወጣም።" ጋሼ ኪዳኔ ካዩት ደግሞ ነገሩ አለቀለት።

የመጀመሪያዋን ፒክአፕ ኮልፌ ሄደው አዩ። ጋሼ ኪዳኔ በክር የታሰረች ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው በሩ ላይ ለጠፏት፤ ማግኔቷ ወደቀች። "ልጄ፣ ይሄ መኪና አይደለም፤ ቀለም የተቀባ ስቱኮ ነው" አሉ ባለቤቱ እየሰማ። ባለቤቱ በሩን ዘጋባቸው። ሁለተኛዋ ጭድ ተራ ነበረች፤ ዋጋ ተቆርጦ እጅ ሊመታ ሲል ጋሼ ኪዳኔ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። "ሞቃለች። ሳንመጣ አሙቀዋታል፤ የተደበቀ በሽታ አለባት።" ሰውየው ከቤቱ እየነዳ መምጣቱን ቢናገር፣ "እሱም ያው ነው" አሉት። ሦስተኛዋን የጭስ ማውጫዋን አሽትተው "ዘይት ትበላለች" ብለው ፈረዱባት። በማግስቱ ሌላ ሰው ገዛት። ይኸው እስከዛሬ ፍራሽ ተሸክማ በሐምዱ ሱቅ በር ታልፋለች፤ አንድ ቀን እንኳ ስታስል አልሰማትም።

ችግሩ ይኼ ነው። መርካቶ ላይ ዕቃ ያላጣጣለ ገዢ ሞኝ ነው፤ ማጣጣል ዋጋ ያወርዳል። ሁሉም ያጣጥላል፣ ዋጋው ሲወርድ ዝም ይልና ይገዛል። ጋሼ ኪዳኔ ግን የሚያቆሙበትን ቦታ አያውቁትም። አጣጥለው አጣጥለው መጨረሻ ላይ ራሳቸው ያምኑታል። "እንከን የሌለው አንድ እግዜር ነው፤ ይቺ ግን አበዛችው" ካሉ ከዚያ ወዲያ ተመላሽ የለም። እስከ ዛሬ አርባ ሰው ይዟቸው ሄዷል ይባላል፤ አንድም የገዛ የለም።

አራተኛዋ ራጉኤል ጀርባ ከእትዬ አመተ ሥላሴ ግቢ ተገኘች። ሐምዱ የግቢያቸውን በር ሊጠግን ገብቶ ከሸራ ሥር አያት፤ አሮጌ ዳትሰን ፒክአፕ። የሟች ባላቸው የአቶ ኃይለልዑል ናት፣ እሳቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ቆማለች። ስንት ደላላ መጥቶ ባዶ እጁን ሄዷል፤ ሁሉም አርደው ዕቃዋን በየቁራጩ ሊሸጧት ነው የሚፈልጓት፣ እትዬ አመተ ደግሞ "የባሌን መኪና ለአራጅ አልሰጥም" ይላሉ። የሐምዱን የበር ሥራ ካዩ በኋላ ግን፣ "ቅዳሜ ና፣ እንነጋገር" አሉት። ከዚህች በላይ መግዣ አቅም እንደሌለው፣ ከዚህች ወዲያም ለአረፋ የሚደርስ መኪና እንደማያገኝ ሐምዱ ያውቃል።

ስለዚህ ብቻውን ሊሄድ ወሰነ። ቅዳሜ ጠዋት በሩን ሲከፍት ጋሼ ኪዳነወልድ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ባትሪና ማስታወሻ ደብተር ይዘው ቆመዋል። ሂዳያ ደውላላቸው ነበር።

መንገድ ላይ ለመናቸው። "ጋሼ ኪዳኔ፣ ዛሬ ቀስ ይበሉልኝ። ሴትየዋ ባላቸው የሞተባቸው ናቸው።"

"እኔ ምን አልኩ?"

"እስካሁን ምንም አላሉም።"

"ታዲያ" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሸራው ሲገለጥ አንዲት ዶሮ በመስኮት ዘልላ ወጣች። መኪናዋ ድሮ ሰማያዊ ነበረች። አንድ ዓይኗ የለም፣ ወለሉ በስብሶ መሬት ያሳያል። ጋሼ ኪዳኔ ደብተሩን ገለጡ።

"አንደኛ፣ ዶሮ።"

"ዶሮ እንከን ነው እንዴ?" አለ ሐምዱ።

"መኪና ውስጥ ከገባ እንከን ነው።"

እትዬ አመተ በረንዳው ላይ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው። ጋሼ ኪዳኔ ካርቶን አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ገቡ፤ እግራቸው ብቻ ውጭ ቀረ። ድምፃቸው ከታች ይመጣል። "ሰባተኛ፣ ሻንሲው ዝጓል። ስምንተኛ፣ አንዱ ባልስትራ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ወይ ጉድ።" ሴትየዋ ያዳምጣሉ። ሐምዱ የጋሼ ኪዳኔን እግር በእግሩ ነካ ቢያደርግ፣ "አትንካኝ፣ አሥራ አምስተኛ ላይ ነኝ" አሉት።

"አሥራ ዘጠነኛ፣ ይኼን ብየዳ የበየደው ሰው እጁ ይቆረጥ።"

"ኃይለልዑል ነው የበየደው" አሉ እትዬ አመተ።

"ነፍሳቸውን ይማር" አለ ድምፁ። ቀጥሎም፣ "ሃያኛ" አለ።

እትዬ አመተ ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ሐምዱ ይህን አየ። አሮጊት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ማን ይፈታል? አራተኛዋም ሄደች ማለት ነው። እናቱ ጉልበታቸውን እያሹ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ሲቀመጡ ታየው፣ በገዛ አባቱ ወዳጅ ተናደደ፣ በራሱም ዝምታ ተናደደ። ጋሼ ኪዳኔ ሠላሳ አንደኛ ላይ ደርሰዋል።

"እትዬ፣ እገዛታለሁ" አለ።

"ሠላሳ ሁለተኛ... ምን አልክ?" አሉ ከታች።

"እገዛታለሁ አልኩ።"

"ገና አልጨረስኩም እኮ።"

"ይጨርሱ ጋሼ። እኔ ከነእንከኗ ነው የምፈልጋት።"

እትዬ አመተ ከላይ እስከ ታች አዩት። "አርደህ ልትሸጣት?"

"ወላሂ አላርዳትም። ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ፣ የበሰበሰውን ቆርጬ በአዲስ እለብጣለሁ። እናቴ ጉልበታቸውን ታመው አውቶቡስ መጋፋት አይችሉም። ለአረፋ አገራቸው ላስገባቸው ነው። ሌላ ምንም የለኝም እትዬ።"

ሴትየዋ ከታች ቆጠራው ሲያባራ ተነሥተው ወደ መኪናዋ ቀረቡና ጎንበስ ብለው ለሁለቱ እግሮች ተናገሩ። "አቶ ኪዳነወልድ፣ ስንት ደረሱ?"

"አርባ አንድ ላይ ጨርሻለሁ እትዬ።"

"ጽፈዋቸዋል?"

"አንድ በአንድ።"

"ደግ። ለልጁ እሸጥለታለሁ። እርስዎ ግን አብረውት ይሠራሉ። በሰው ንብረት ላይ ይህን ያህል አፉን የከፈተ ሰው እጁንም ይዘርጋ። እምቢ ካሉ ይህ ቋጠሮ አይፈታም።"

እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። ጋሼ ኪዳኔ ትከሻቸው ላይ የዶሮ ኩስ ይዘው ቀስ ብለው ወጡ። ሴትየዋን አዩ፣ ሐምዱን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። "እሺ" አሉ በትንሽ ድምፅ። አጠገባቸው መኪና ቆሞ እሺ ሲሉ ሐምዱ በዕድሜው አልሰማቸውም። ዋጋው ላይ ብዙ አልተከራከሩም፤ ማጣጣሉ አስቀድሞ አልቋል።

መኪናዋ በሰው ተገፍታ ምናለሽ ተራ ገባች። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ኪዳኔ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው መጡ፤ ከፌስታሉ ገና መውጣቱ ነው፣ የእጥፉ መስመር እንኳ አልጠፋም። ሐምዱ አሥራ አራት ቁጥር የብሎን ቁልፍ አቀበላቸው። ይዘው አገላበጡት። ብሎኑን አዩ፣ ቁልፉን አዩ። መልሰው ሰጡት።

"ሐምዱ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ጋራዥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ንብረት ክፍል። በመስኮት ዕቃ ስሰጥ ነው የኖርኩት። የማላውቀው ዕቃ የለም። የገጠምኩት ግን አንድም የለም።"

ሐምዱ ቁልፉን በጨርቅ ጠረገው።

"ግዛ የማልለው ለዚህ ነው" አሉ ቱታቸውን እያዩ። "ግዛ ብዬህ መንገድ ላይ ብትቆምብህ ምን አደርግልሃለሁ? ምንም። አትግዛ ብሎ ግን የሞተ ሰው የለም።"

ሐምዱ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆዱ ሲያማቸው የኖረውን አስቦ አፈረ። ቁልፉን መልሶ እጃቸው ላይ አደረገው። "በዚህ በኩል ነው የሚያዘው ጋሼ። ወደ ግራ ይዙሩት፤ ይፈታል።"

የመጀመሪያዋ ብሎን ተፈታች። ሁለተኛዋን ሲያጠብቁ ከልክ በላይ አጥብቀው ጥርሷን ጨረሷት፤ ደብተራቸውን አውጥተው በገዛ እጃቸው "አርባ ሁለተኛ" ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጡ። ሐምዱ ወለሉን ቆርጦ ሲለብጥ ላሜራውን ይይዙለታል። ዕቃ የሚገዛ ጊዜ ደግሞ የሚያክላቸው አልተገኘም፤ ነጋዴው "የዚህ ሞዴል ዕቃ ካለቀ ቆየ" ሲላቸው፣ "ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከኋላ፣ በቡኒ ወረቀት የተጠቀለለውን አውርድ" ይሉታል፤ ሲያወርድ አለ። አንድ ቀን አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደረሱ፣ የአቶ ኃይለልዑል ብየዳ ላይ። ሐምዱ ሊቆርጠው ሲል ጋሼ ኪዳኔ እጁን ያዙት። በመዶሻ መታ መታ አድርገው አዳመጡና፣ "ተወው፣ ይዟል። እጃቸውን ይባርከው" ብለው ሰረዙት።

ለአረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው መኪናዋ ተነሣች። እትዬ አመተ ከፊት ተቀምጠው ራጉኤልን ዞሩባት፤ ሲወርዱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

የመንገዱ ቀን ጠዋት ሐምዱ እናቱን ደግፎ ከፊት አስቀመጣቸው፤ ሂዳያ መሃል ገባች። ጋሼ ኪዳኔ ሊሸኟቸው መጥተዋል። እትዬ ሀፍሷ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

"ኪዳኔ፣ እውነቱን ንገረኝ። ታደርሰኛለች?"

ሐምዱ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ይህን ጥያቄ ጋሼ ኪዳኔ ዕድሜ ልካቸውን ሸሽተውታል። ኮፈኑን አዩ። ጎማውን አዩ። ደብተሩ እጃቸው ላይ ነበር፣ ግን አልገለጡትም።

"ታደርስሻለች" አሉ።

ብለውም አልቀሩ፤ የገዛ ቃላቸው ያስደነገጣቸው መሰሉ። ወደ ሐምዱ ሱቅ ሮጥ ብለው ገብተው የመፍቻውን ቦርሳ ይዘው ተመለሱና ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ መውጣት ጀመሩ።

"ጋሼ፣ ወዴት ነው?" አለ ሐምዱ።

"ወራቤ ነዋ።"

"እንዴ፣ አረፋን ሊያከብሩ?"

"ካበሉኝ ምን ቸገረኝ።"

ሂዳያ ወርዳ ቦታዋን ልትለቅላቸው ብትል አሻፈረኝ አሉ። "ተቀመጪ ልጄ፣ የኋላ ጎማዎቹን ዲፍረንሻል የምሰማው ከዚህ ነው" ብለው ጭነቱ መሃል ባለው ፍራሽ ላይ ተደላደሉ፣ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሐምዱ በመስታወቱ አያቸው፤ ጆሯቸውን ወደ ወለሉ አዘንብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እናቱ ሳያዩት ዓይኑን ጠረገና ሞተሩን አስነሣ።