ግሦቹ ያረቡኝ እሑድ

ትናንት፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ሸለብ ቢያደርገኝ፣ በሕልሜ ከሚስቴ ከእታገኘሁ ጋር ጠብ ውስጥ ገባሁ። እሷ በስፓኒሽ ትጮህብኛለች፤ መርዕድ በመካከላችን ቆሞ ያስተረጉማል።

«ምን አለች?» አልኩት፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ከጮኸች በኋላ።

«ደክሞኛል ብላለች።»

«ይኼ ሁሉ?»

«የቀረው የእኔና የእሷ ነው።»

መርዕድ ኩባ አብሯት የተማረ ሰው ነው። በልጅነታቸው በአንድ መርከብ ሄደው በአንድ መርከብ ተመለሱ። የኩባ ጓደኞቻቸው በወር አንድ እሑድ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ትናንትም ቀኑ ነበር። ሕጋቸው አጭር ነው፤ የዚያን ቀን አማርኛ የተናገረ ሳህን ያጥባል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት አጥቤያለሁ። ተደብቄ የስፓኒሽ ግሥ ማርባት ከጀመርኩ ግን ሦስት ወሬ ነው።

በሕልሜ ሳህኖቹ እኔን ገንዳ ውስጥ ነክረው ጀርባዬን ፈተጉኝ። ሳልደርቅ ክፍል ገባሁ። ዴስክ ላይ የተቀመጡት ግሦቹ ነበሩ፤ የምንረባው እኛ ሰዎቹ ነን። አለቃቸው ዶርሚር ነው። ትርጉሙ «መተኛት» ነው፤ እሱ ግን እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል።

«አጥናፉ፣ በኃላፊ ጊዜ!» አለኝ።

«አጥናፉ ነበርኩ።»

«ምንም አልተለወጠም። ዜሮ! መርዕድ፣ በኃላፊ ጊዜ!»

መርዕድ አንድ እርምጃ ሲራመድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነ። እታገኘሁም ሹሩባዋ ሁለት ቦታ የተጎነጎነ ልጅ ሆና አጠገቡ ቆመች። ክፍሉ አጨበጨበ።

«እኔንም ከእነሱ ጋር ለውጡኝ!»

«አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

«ደብረ ሲና፣ አጎቴ ዘንድ።»

«ደብረ ሲና መርከብ አይመጣም። ተቀመጥ!»

መርከቡ ጮኸ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሳፈሩ ሲሉ ያጠናሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ «ዶርሚ! ዱርሚዮ! ዱርሚዬሮን!» ተኛሁ፣ ተኛ፣ ተኙ።

በገዛ ጩኸቴ ባነንኩ። ሶፋ ላይ ነኝ። ዶሚኖ የሚጫወቱት እንግዶች ሁሉ ዞረው ያዩኛል።

«ውይ አጥናፉዬ! ከመቼ ወዲህ?» አለች እታገኘሁ፣ ፊቷ በርቶ። በአማርኛ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሕግ ሕግ ነውና አንዱ ሽርጡን ወረወረላት። እኔን ትከሻዬን እየመቱ ዶሚኖው ጋ አስቀመጡኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ጠጠሮቼን እየደረደርኩ ሳለሁ መርዕድ እጅጌውን ሰበሰበና ሳህን ተሸክሞ ተከትሏት ወደ ማድ ቤት ገባ። በሩን በእግሩ መለስ አደረገው።

«ተራህ ነው» አሉኝ በስፓኒሽ። ገባኝ።