የጋሽ ላምቤቦ ድምፅና የረባሾች ዝርዝር

የሰው ጆሮ ጨዋ ነገር ነው። ሳሎናችሁ ተቀምጣችሁ ከእንግዳ ጋር ስትጫወቱ ፍሪጁ ያጓራል፣ ጎረቤት ቆርቆሮ ይመታል፣ በመንገዱ ባጃጅ ያልፋል። ጆሯችሁ ይህን ሁሉ ይሰማና «ይሄ እኛን አይመለከትም» ብሎ ከበር ይመልሰዋል። ወደ ውስጥ የሚያስገባላችሁ የእንግዳውን ጨዋታ ብቻ ነው። ማይክ ግን እንዲህ ያለ አስተዳደግ የለውም። ያገኘውን ሁሉ እጁን ይዞ ያስገባል፤ ፍሪጁንም፣ ቆርቆሮውንም፣ ባጃጁንም ከእንግዳው እኩል ወንበር ይሰጣቸዋል።

ይህን የምለው ተፈላስፌ አይደለም፤ ተቃጥዬ ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ደቡብ አፍሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ በላከልኝ ባለካሴት ቪዲዮ ካሜራ ሠርግና የተማሪ ምረቃ ስቀርፅ ዓመታት አሳልፌያለሁ። በምስሉ ማንም አምቶኝ አያውቅም። ድምፁን ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዘፈንና መዝሙር እየለጠፍኩበት ነበር የምሸፍነው። በሠርግ ቪዲዮ ላይ ሙዚቃው ለምን ለአፍታ እንኳ እንደማይቋረጥ ገርሟችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ደንበኞቼ ደግሞ ቅር ብሏቸው አያውቅም። ማን ነው በሠርግ ቪዲዮ ላይ ንግግር የሚያዳምጠው?

እንዲህ ተደላድዬ በምኖርበት ዘመን ነው ጋሽ ላምቤቦ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ የመጡት።

ጋሽ ላምቤቦ አራተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ቤታችን ሀዲይኛ እያወራን ላደግን ልጆች «ጸ»ን እና «ጠ»ን ለይቶ ማስጠራት ቀላል ሥራ አልነበረም። እርሳቸው ግን ድምፅ ነበራቸው። ቃለ ጽሕፈት ሲያነቡ፣ በሜዳው ማዶ ያለው ክፍል ተማሪዎች የራሳቸውን ትምህርት ትተው የእርሳቸውን ይጽፉ ነበር ይባላል። እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ። ጡረታ ከወጡ በኋላም በሠርጉም በሽምግልናውም መራቂ ሆነው የሚጠሩት እርሳቸው ነበሩ።

ያን ቀን አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ፎጣ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። እንቅርት እንዳለባቸው ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ይህን ያህል ማደጉን ግን አላወቅሁም ነበር።

«አዲስ አበባ ሄጄ ታይቻለሁ» አሉኝ። «በሁለት ሳምንት ይወጣል። ሐኪሙ ጥሩ ልጅ ነው፤ አልደበቀኝም። የድምፅ ነርቭ አጠገቡ ስላለ ድምፅዎ ሊቀንስ ይችላል፣ ሊሄድም ይችላል ብሎኛል። ማርታ ደግሞ የምታገባው ከፋሲካ በኋላ ነው።»

ማርታ አንድ ልጃቸው ናት፤ ዱራሜ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ትሠራለች።

«ምርቃቷን አሁን ልቅረፅላት። ዳዊት፣ ሙዚቃ እንዳትለጥፍበት።»

ሙዚቃዬን ያውቁ ነበር ማለት ነው። አፈርኩ።

በዚያው ከሰዓት ካሜራዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ቤታቸው ከተማው አልቆ የሌሞ ገጠር የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት፣ ከጀርባው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር አሮጌ የሣር ጎጆ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቅነሽ በሩን ከፈቱልኝ። እትዬ ብርቅነሽ ከከምባታ፣ የአንጋጫ ሴት ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር በከምባትኛ፣ ከባላቸው ጋር በሀዲይኛ፣ ከእንደኔ ዓይነቱ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ያን ቀን ግን በየትኛውም አላወሩኝም። ካሜራውን አይተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሽ ላምቤቦ ከረባት አስረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ። ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆምኩት፣ ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰካሁ፣ ቀይዋ መብራት በራች። በሀዲይኛ መመረቅ ጀመሩ። ለማያውቀው ሰው ለማስረዳት ያህል፣ ምርቃት እንደ ዜና አይነበብም። አንድ ቃል ይባላል፤ ያ ቃል እስኪያርፍ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ዝምታው ራሱ የምርቃቱ ግማሽ ነው።

ከጨረሱ በኋላ እዚያው ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰክቼ አሰማኋቸው። ድምፃቸው አለ። ከድምፃቸው ሥር ግን አንድ ሙሉ የንብ ቀፎ አለ። ይባስ ብሎ እርሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር ቀፎው ይጮኻል። ለካስ ካሜራው ጸጥታ ሲበዛበት የሚሰማው ያጣ መስሎት ጆሮውን በራሱ ጊዜ ያሰፋል፤ ባሰፋው ልክም ቆሻሻውን ሁሉ ይስባል። እኔ ይህን ጉዱን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በሙዚቃ የሚኖር ሰው ከየት ያውቃል?

ጋሽ ላምቤቦ አልተናደዱም። ተነሥተው ደብተርና እስክሪብቶ አመጡ። በገጹ አናት ላይ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው «ረባሾች» ብለው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩ።

አራተኛ ክፍል ሳለን መምህሩ ሲወጣ አለቃው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ዝርዝር ታስታውሱ እንደሆነ፣ ያው እርሱ ነው።

«በል፣ ማን ነው የሚረብሸው? አንድ በአንድ እንያዛቸው» አሉኝ።

ፍሪጁን ነቀልን፤ ንቡ ቀነሰ እንጂ አልሞተም። የካሜራውን ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ በባትሪ ብቻ ሳስነሣው «እምምም» የሚለው ጠፋ፤ መብራቱ ራሱ በገመዱ በኩል ሲያንጎራጉር ኖሯል። የቀረችው አንዲት ቀጭን «ጥርርር» የካሜራው የራሱ ሆድ ናት፤ ካሴቱን የሚያዞረው ሞተር። እርሷን ለማምለጥ ከካሜራው ጋር የመጣችውን፣ አንድም ቀን ተጠቅሜባት የማላውቀውን ትንሽ ማይክ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሽቦዋ ረጅም ነው፤ ኮሌታ ላይ ትሰካለች። ሰካሁላቸው። ይኼኔ ደግሞ በተነፈሱ ቁጥር ጋቢያቸው ማይኳን ይፈትጋት ጀመር። ጋሽ ላምቤቦ «ጋቢ» ብለው ጻፉና አውልቀው አስቀመጡት።

አምስተኛውን ሙከራ ስንሰማ ሁሉም ነገር ደህና ሄዶ ሄዶ፣ መሐል ላይ «ድ-ድድ-ድድ-ድድድ» የሚል ነገር ቃላቸውን ቆረጠው። ሁለታችንም ጣሪያውን አየን። መሬቱን አየን። ያኔ ሞባይል ሆሳዕና ከገባ ገና ብዙም አልቆየም፤ እኔ ቀበቶዬ ላይ አንጠልጥዬ ነበር የምሄደው፤ ያላየልኝ እንዳይኖር ጃኬቴን ወደ ኋላ ገፋ አደርጋለሁ። ስልኬ መጥራት የጀመረው እዚያው ቆመን ጣሪያ ስናይ ነው። ከመጥራቱ በፊት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ያችኑ «ድ-ድድ-ድድ» አሰማን። ጋሽ ላምቤቦ እስክሪብቶውን አነሡ። «ዳዊት» ብለው ጻፉ።

ሠላሳ ምናምን ዓመት የሞላው፣ ሚስት ያገባ፣ የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ስሙ ረባሾች ዝርዝር ላይ ሲጻፍ እንዴት እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም።

ስልኩን አጠፋሁ። እንደገና ልንጀምር ስንል ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ቀረፃ ቀርቶ ጸሎትም ጮክ ተብሎ ነው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቃጥረን ተለያየን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱፍ ካልሲ ይዤ ሄድኩ። ደጅ ከሆነ ለነፋሱ ማይኳን ላለብሳት አስቤ ነው። ግቢው ውስጥ ስንሞክረው ግን የእንሰቱ ቅጠል ልክ እንደ ሸራ እየተርገበገበ አላስቀምጥ አለን። በመጨረሻ ወደ ሣር ጎጆው ገባን። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ላይ ጭድ፤ ድምፅ ሄዶ የሚጋጭበት ነገር የለም። የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ «ይናገሩ» አልኳቸው። ተናገሩ። ሜዳ ማዶ ያሉትን የሚያስጽፈው ያ ድምፅ፣ ምንም ሳይጎድልበት፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እኔ ልጅ ሆንኩ።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ከጓዳ በኩል «ዱም» አለ። «ዱም። ዱም። ዱም።»

ሙቀጫ ነው። አቆምን። ሙቀጫውም ቆመ። ትንሽ ጠብቀን ቀይዋን መብራት አበራሁ፤ ጋሽ ላምቤቦ አፋቸውን ሲከፍቱ «ዱም» አለ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ጋሽ ላምቤቦ ደብተራቸውን አየት አደረጉና እስክሪብቶውን ሳያነሡ ተዉት። እኔ ማዳመጫዬን አውልቄ ወጣሁ።

እትዬ ብርቅነሽ ጓዳው በር ላይ ተቀምጠው ዘነዘናውን ይዘዋል። ሊያዩኝም አልፈለጉም።

«እትዬ፣ ትንሽ ብቻ ቢታገሡን። በርበሬው ከሆነ…» አልኩና ወደ ሙቀጫው አጎነበስኩ።

ሙቀጫው ውስጥ ምንም አልነበረም።

ቀና ስል ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ድምፃቸው ግን ረጋ ያለ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሐኪም ቤት የሚገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ቤቱን አስተካክሎ፣ ለሁሉም ተናግሮ፣ ምንም ሳያስቀር የሚሄድ ሰው አይተሃል? አባቴ እንደዚያ ነው የሄደው። ሁሉን ጨርሶ ሄደ፤ አልተመለሰም። ይሄ ሰውዬ ምርቃቱን እዚህ ሳጥንህ ውስጥ ከጨረሰ፣ እዚያ አልጋው ላይ ሆኖ ለምን ልመለስ ይላል? አንድ ነገር ይቅርበት። ልጁን ሳልመርቅ ብሎ ይምጣ።»

የኤሌክትሪክ ገመድ ይነቀላል፣ ነፋስ ካልሲ ይለበስለታል፣ ስልክ ይጠፋል። ለዚህ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ምንም አልያዝኩም።

ከጀርባዬ ጋሽ ላምቤቦ ቆመው ነበር። ማይኳ ኮሌታቸው ላይ እንደተሰካች፣ ሽቦዋ ተነቅሎ በግቢው ሣር ላይ ተከትሏቸዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አላውቅም። ለሚስታቸው በሀዲይኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሁላችሁም የምትገምቱት ዓይነት ትልቅ ነገር አልነበረም። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም» ነው ያሉት።

«አንተ መቼ ሰው ታናግራለህ፤ ታስተምራለህ እንጂ» አሉ እትዬ ብርቅነሽ።

ጋሽ ላምቤቦ ይህን እንደ ጥሩ ተማሪ ተቀበሉ። ከዚያ «እሺ» አሉ። «ግማሹን እቀርፃለሁ። ግማሹ ይቀራል።»

እንደዚያው ሆነ። እትዬ ብርቅነሽ ጎጆው በር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ሰሙ። ጋሽ ላምቤቦ ስለ ጤና መረቁ፣ ስለ ቤት መረቁ፤ ስለ ልጅ ሊመርቁ ሲደርሱ አቆሙና ካሜራውን እያዩ በአማርኛ «ማርታ፣ የቀረውን በቃሌ እነግርሻለሁ» አሉ። አጠፋሁት። በሥራ ዘመኔ ከቀረፅኩት ሁሉ ንጹሑ ድምፅ እርሱ ነው። አሥራ አንድ ሙከራ ጠይቆናል።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። እንቅርቱ ወጣ፣ ሰውዬውም ተመለሱ። ድምፃቸው ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ። ጨርሶ አልሄደም፤ ቀጭን ክር ሆኖ ቀረ። ሱቄ መጥተው ሰላም ሲሉኝ መጀመሪያ ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር ብያለሁ። ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።

ማርታ ከፋሲካ በኋላ አገባች። አዳራሹ ሞልቷል፤ ጄኔሬተሩ ውጭ ያጓራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሳህን ይንኳኳል፣ ድምፅ ማጉያው ያፏጫል። ጋሽ ላምቤቦ ተነሡና ልጃቸው ፊት ቆሙ። ማጉያውን ሲሰጧቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ከቆሙበት ሁለት ሜትር የማያልፍ ድምፅ ነበር። ፊት ያሉት ሰምተው «አሜን» አሉ። ከኋላቸው ያሉት የእነርሱን አሜን ሰምተው «አሜን» አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሜኑ ረድፍ በረድፍ እየሄደ በሩ ላይ የቆሙት ሾፌሮች ጋ ሲደርስ፣ ጋሽ ላምቤቦ የሚቀጥለውን ቃል ይጀምራሉ። ስለ ልጅ መረቁ። የቀረውን ጨረሱ።

እኔ በካሜራው ውስጥ የጄኔሬተር ድምፅ ቀረፅኩ። ማይኳን ኮሌታቸው ላይ እንድሰካ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። ሙዚቃ ግን አልለጠፍኩበትም።

ከወር በኋላ እትዬ ብርቅነሽ ብቻቸውን ሱቄ መጡ። የሠርጉን ካሴት አይተውታል። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና መሐረባቸውን ሲያጣጥፉ ቆዩ።

«ምርቃቱ አይሰማም» አሉኝ። «ያ የድሮው ድምፁ አለ አይደል? ጎጆ ውስጥ የያዝከው። እሱን ብትለጥፍበት።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ግማሹ ነው። በሠርጉ ላይ ያሉት ሌላኛውን ግማሽ ነው። ስለ ልጅ ያለውን ምርቃት ጎጆው ውስጥ አላሉትም።»

አሰቡ። ለምን እንዳላሉት ላስታውሳቸው አላስፈለገኝም፤ ፊታቸው ላይ ሲመጣ አየሁት። ከዚያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሳቁ።

«በል ያችኑ ግማሿን አሰማኝ» አሉ። ማዳመጫውን በነጠላቸው ላይ አደረግኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያወልቁት ካሴቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ጋ ይቀመጥ። ቤት ካለ እሱን ስሰማ እውላለሁ። አሁን ሰውዬው ሲያወራ ሥራዬን ትቼ፣ ወንበሬን አስጠግቼ ነው የምሰማው። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር ይህን ያህል ተቀራርበን ተቀምጠን አናውቅም።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ጋሽ ላምቤቦ ከሳሎን ቢጣሩ ድምፃቸው ጓዳ የማይደርስ ሰው ሆነዋልና፣ እትዬ ብርቅነሽ ቶሎ መድረስ አለባቸው።