የጤነኛ እጅ ፋሻ

የልጅ ልጆቼ አዲስ ልማድ አምጥተዋል። ራት ከተበላ በኋላ እኔን ሶፋው ላይ አስቀምጠው፣ ነጭ ጥቁሩን እንዴት እንደበደለ የሚያሳይ ፊልም ይከፍቱልኛል። ዶክመንተሪ ይባላል፤ የተፈጠረ ታሪክ ሳይሆን በእውነት የሆነ ነው ብለው አስረድተውኛል። በባሕር ማዶ ጥቁር ሕዝብ ተሰልፎ ሲሄድ፣ ውሻ ሲለቀቅበት፣ በዱላ ሲነረት አያለሁ። አንድ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው ከበስተኋላ ሆኖ ያወራል። ልጆቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ያያሉ። እኔም አዝናለሁ፤ ዳሩ ግን የእኔ ሐዘን ከእነሱ ሐዘን ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው፣ ካልሳቃችሁብኝ። እኔ የማየው ከዳር የቆመውን ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘውን ሽማግሌ፣ ሕፃን አዝላ ወደ ካሜራው ዞር ያለችውን ሴት።

«ይቺ ማን ናት?» እላለሁ።

«ስሟ አይታወቅም አያቴ። ሕዝቡን ለማሳየት ነው» ይሉኛል።

ሕዝብ! ሕዝብ እኮ ማታ ቤቱ ሲዘገይ ደጅ ወጥቶ የሚጠብቀው የለም። የሚጠበቀው ሰው ነው። ይህን ስላቸው «አያቴ ደግሞ ጀመረች» ተባብለው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። እናንተ ግን ድምፅ የምትጨምሩበት ነገር የላችሁምና ስሙኝ።

ጣሊያን ሀገሩን በያዘበት ዘመን እኔ መቱ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ወንድሜ ተሰማ ከእኔ ቤት አጥር ተጋርቶ ይኖራል። ታላቄ ነው፤ ግን ጋሼ ማለቱን ትቼው ነበር፤ ጋሼ ስለው ስለሚስቅ ቁም ነገሬን አልጨርስም ነበር። የተሰማ ሳቅ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ትከሻው ይነቃነቃል፣ ከዚያ ያ እንደ ወተት የነጣ ጥርሱ ብልጭ ይላል፣ ድምፁ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከያዮ ጫካ ቡናና ማር እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር። ሚስቱ ጫልቱ የዳሪሙ አገር ልጅ ናት። አማርኛውን ያስተማራት እሱ ነው፤ ስትቀልድ በአማርኛ፣ ስትቆጣ በኦሮምኛ ነበር። በኦሮምኛ ስትጀምር ተሰማ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ቤት ይሻገራል።

ጣሊያን ሲገባ ንግዱ ቀረ። ጉልበት ያለውን ወንድ ሁሉ ሰብስበው ከሶር ወንዝ ወዲያ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ፈለጣ አሰማሩት። ሕግም መጣ። ነጭ የሚገባበት ሱቅ ጥቁር አይገባም፣ ነጭ በተሳፈረበት መኪና ጥቁር አይሳፈርም፣ ነጭ ሲያልፍ ጥቁር ከመንገድ ይወርዳል። በገዛ እጃችን በምንሠራው መንገድ ዳር ዳሩን እንድንሄድ ተፈረደብን ማለት ነው።

አንድ ቀን ማታ ተሰማ ከሥራ ሲመለስ እኛ ቤት ተሰብስበን ነበር። ገና በሩን ሳያልፍ ትከሻው ይነቃነቃል።

«ዛሬ ታከምኩ» አለ።

ጫልቱ ደንግጣ ተነሣች። «ምን ሆነህ?»

«ምንም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለ ሦስት እግር መሣሪያ የተሸከመ አንድ ፈረንጅ ሲኒማ ሊያነሣ ሥራ ቦታው ድረስ መጣ። ሠራተኛውን አሰልፎ፣ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ጥርስ ጥርሳቸውን ሲያይ ቆየና ተሰማን መረጠው። ወንበር አመጡለት። ወንበር! ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም ከፊቱ ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ከአንጓው እስከ ክርኑ በፋሻ ጠመጠመለት። አስተርጓሚው «ሳቅ በል ተብለሃል» አለው።

«ማሳቅስ አላስፈለጋቸውም፤ ማቆም ነው ያቃተኝ» አለን ተሰማ እንባውን እየጠረገ። «ቁስል የሌለው እጅ ሲታከም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውዬው ደግሞ ያመኛል ብሎ ነው መሰል ቀስ ነው የሚለው!»

«ታዲያ ፋሻው የታለ?» አለች ጫልቱ እጁን እያገላበጠች።

«ሲጨርሱ ፈትተው ወሰዱታ። ለሌላ ጤነኛ ያስፈልግ ይሆናል።»

ሳቅን። ባሌ ከመደቡ እስኪንሸራተት ሳቀ። ጫልቱ እጁን አሽትታ «መድኃኒት መድኃኒት ትላለህ፤ ዛሬ ከእኔ ጋር አትተኛም» አለችው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ድማሚት የፈነቀለው ቋጥኝ ወርዶ የተሰማን ጭን ቀጠቀጠው። ጓደኞቹ ተሸክመው ወደ መንገዱ አወጡት። አንድ ካሚዮን ቆሟል፤ ሁለት ጣሊያን ካቦዎች ምሳቸውን ሊበሉ ወደ መቱ ሊሄዱበት ነው። ከኋላ ባዶ ነው። በእሱ ላይ እናስተኛው ብለው ለመኑ። ሾፌሩ አይሆንም አለ፤ ነጭ የተሳፈረበት መኪና ነው፣ የጭነቱ መኪና እስኪመጣ ጠብቁ አለ። ካቦዎቹ ዞር ብለውም አላዩ። መኪናው አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። የጭነቱም መኪና አልመጣ። ደሙን በገዛ መቀነቱ አስረው፣ ቃሬዛ ሠርተው በእግራቸው ሲያመጡት፣ ከተማው መግቢያ ዳገቱ ላይ ወንድሜ አረፈ። ፋሻ የሚባል ነገር አልነካውም።

ስለ ለቅሶው አላወራችሁም። ጫልቱ ያን ሰሞን አንድም ቃል በአማርኛ አልተናገረችም ልበላችሁና ልለፈው።

የሰማንያ ቀኑ ተዝካር ወጥቶ፣ ዝናቡም አባርቶ፣ ሲኒማ ይታያል ተብሎ ጥሩንባ ተነፋ። መቅረት አይቻልም። ጀምበር እንደጠለቀች ከጣሊያኑ ሹም ግቢ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ተሰበሰብን። በሁለት ግንድ መሐል ትልቅ አቡጀዲ ተወጥሯል። ጣሊያኖቹ ከአቡጀዲው በዚያ በኩል ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኛ በዚህ በኩል፣ በስተጀርባው፣ ሣሩ ላይ። ሞተሩ ተንኳኳ፣ ብርሃን ፈሰሰ። መንገድ መጣ። ባንዲራ መጣ። ስኳር የሚታደላቸው ሕፃናት መጡ። ከዚያ ወንድሜ መጣ።

ቤት ያህላል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እጁ ተጠምጥሞ፣ ትከሻው ይነቃነቃል። ጥርሱ ብልጭ አለ። ድምፁን ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

አስተርጓሚው በቆርቆሮ መለከት ጮኸ፤ «ይህ ጥቁር ሠራተኛ ቢቆስል መንግሥት እንደ ልጁ አከመው! ደስታውን እዩ!»

«ጂራ!» አለች ጫልቱ ተነሥታ። አለ፣ በሕይወት አለ ማለቷ ነው። «ጂራ! ጂራ!» ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት። በዚያው ተሰማ ሄደ፤ ድልድይ መጣ። ከኋላችን ሰው ሁሉ በነጠላው አፉን ይዟል፤ ያን ቃሬዛ የተሸከሙትም እኛው መካከል ተቀምጠው ነበር። እኔ አቡጀዲውን ብቦጫጭቀው በወደድኩ። ጫልቱ ግን እስከ ቤት ድረስ አንድ ነገር ብቻ ታመላልስ ነበር።

«ያሰሩት ግራውን ነው እንዴ? ቀኙን ነው ያለኝ እኮ። ቀኙን ነው ያሸተትኩት።»

ነገሩን በማግሥቱ የፈቱልን ጋሼ ከድር ናቸው። ጋሼ ከድር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ጅማ እየተመላለሱ ሲኒማ የሚሉትን ነገር ቀደም ብለው አይተዋል።

«ከጀርባ ስለተቀመጣችሁ ነው ልጄ» አሏት። «ቀናውን የሚያይ ከፊት ያለው ነጩ ነው። ለእኛ የሚደርሰን ግልብጡ ነው።»

«የወለደችው እናቱ ሞታለች፤ ሚስቱ እኔ ነኝ» አለች ጫልቱ፤ «እነሱ ቀና አድርገው ሲያዩት እኔ ገልብጬ ላየው?»

ሲኒማው ወደ ቡሬ መሄዱን ስትሰማ ጋሼ ከድርን ለመነቻቸው። ለቡሬ ገበያ በቅሎ ጭነው ይወጡ ነበርና እሺ አሏት። እኔ ተቆጣሁ።

«ውሸት እኮ ነው! ወንድሜን ገድለው በወንድሜ የሚመጻደቁበት ውሸት ነው! እሱን ልታዪ በእግርሽ ትሄጃለሽ?»

«ውሸቱ የነሱ ነው» አለችኝ መቀነቷን እያጠበቀች። «ሳቁ ግን የሱ ነው። በማን ላይ እንደሚስቅ እነሱ አያውቁም። እኔና አንቺ እናውቃለን። ነግሮን የለ?»

ተከትያት ሄድኩ።

ቡሬ ላይም ነጩ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ስኳር የሚታደላቸው ሕፃናት ሲመጡ ጫልቱ ከጎኔ ተነሣች። ሽንት የመጣባት መስሎኝ ነበር። ግንዱን ዞራ ስትሻገር አየኋት። እኔም እስከ ግንዱ ሄጄ አንገቴን አሰገግሁ። በወንበሮቹ መካከል ቆማለች፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ፣ ጥላዋ ከተሰማ እግር ሥር። አንዲት ፈረንጅ ሴት ጮኸች። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ በአለንጋ ጀርባዋን ሸነቆጣት። አልተነቃነቀችም። ደገማት። ተሰማ ትከሻውን እየነቀነቀ ይስቃል፤ እሷ ቀና ብላ ታየዋለች። ጋሼ ከድር ጥምጥማቸውን አውልቀው «ጌቶቼ እብድ ናት፤ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ማሯት» እያሉ እጃቸውን ዘርግተው ገቡ። ድልድዩ ሲመጣ ያን ጊዜ ራሷ ዞር አለች።

ጀርባዋን በውሃ እየጠረግሁላት አለቅሳለሁ። እሷ አላለቀሰችም።

«ቀኙ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሲኒማው የሄደበትን ሁሉ ተከተለችው፤ ከጀርባም ይሁን ከጎን፣ ከቻለች ግንዱን ተጠግታ። የሰው አፍ መቼም ሥራ አይፈታም። መጀመሪያ «ላም አለኝ በሰማይ» አሏት። ቆይቶ «በሬ ካራጁ ይውላል» አሏት። በመጨረሻ የጣሊያን ሲኒማ ወዳጅ፣ ባንዳ ተባለች። ከእሷ ቤት ትይዩ የምትኖር ሴት ሰላምታዋን ነፈገቻት፤ እሳት ልትጫር ስትሄድም በሩን ዘጋችባት። ጫልቱ ለማንም አላስረዳችም። ብታስረዳስ? ጀርባዋ ላይ ያለው ሰንበር ያላስረዳውን አፏ ሊያስረዳ ነው?

የማያልፍ የለም፣ ያም ዘመን አለፈ። ጣሊያኖቹ ዕቃቸውን እንኳ በወጉ ሳይሸከሙ ለቀው ሄዱ፤ ከጫካ የወረዱት አርበኞች መቱ ገቡ። ሕዝቡ የሹሙን ግቢ በርግዶ የጠላትን ነገር ሁሉ ሜዳው ላይ ቆለለ፤ ሥዕል፣ ባንዲራ፣ ወንበር። ክብ ክብ ቆርቆሮዎችም ወጡ። ሲኒማው እዚያ ውስጥ እንደሆነ ጋሼ ከድር ሲናገሩ ጫልቱ ሰማች። እንዴት እንደሮጠች አላውቅም፤ ስደርስ የአርበኞቹን አለቃ እግር ይዛ ነበር። ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ ሰውዬ ናቸው።

«ባሌ እዚያ ውስጥ ነው ጌታዬ!»

አለቃው ደንግጠው ጎራዴያቸውን መዘዙ። «እስረኛ አለ? የት ጋ ነው የቆለፉበት?»

«የለም ጋሼ፤ መልኩ ነው» አልኳቸው እኔ። እንደ ነገሩ አስረዳኋቸው። ጎራዴውን ቀስ ብለው መለሱት። ዓይናቸው ረጥቧል ብል ውሸት አይሆንብኝም።

«የትኛው ነው ታዲያ?» አሉ።

የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል! ቆርቆሮው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጽሕፈቱ የፈረንጅ። ሰው ይጮኻል፣ ችቦው ተለኩሷል። «የጠላት ዕቃ እንዲቀር አልተፈቀደም» አሉ አለቃው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «አንዷን ብቻ በነጠላሽ ሸፍነሽ ሂጂ። ቶሎ በዪ እታለሜ።»

ጫልቱ እጇን ዘረጋች፣ መለሰች፣ እንደገና ዘረጋች። አንዱን አነሣች።

የቀረው እሳት ውስጥ ገባ። ፊልም እንዴት እንደሚነድ አይታችሁ እንደሁ አላውቅም፤ ላምባ የጠጣ ይመስል እያፏጨ ነው የሚያልቀው። ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ ማለትም ነበረብኝ፤ ያ ሁሉ ውሸት እኮ ነው የሚነደው። ያች በሯን የዘጋችባት ጎረቤት ጫልቱ ስታለቅስ አይታ የደስታ እንባ መሰላትና አቅፋ ሳመቻት፤ «ይኸው ልብሽ ተመለሰ እኅቴ!» አለቻት።

ቤት ገብተን በሩ ብርሃን ላይ ቆርቆሮውን ከፈትነው። ጫልቱ ጥቅልሉን ፈታ አድርጋ ወደ ፀሐይ አነሣችው። ሁለታችንም አንዱን ዓይናችንን ጨፍነን አየን። የጥፍር ያህል ትናንሽ ሥዕል ነው። ከወዲህም ፈታን፣ ከወዲያም ፈታን። በሁሉም ላይ ባሕር ዳር ቆማ፣ ነፋስ ባርኔጣዋን ሊወስድባት ሲል በእጇ ይዛ የምትስቅ አንዲት ፈረንጅ ሴት ናት። ተሰማ የለም።

እኔ ተንገበገብኩ። ምድጃው ውስጥ ፍም ነበር። «አምጪው!» አልኳት። «ይቺንማ በገዛ እጄ ነው የማቃጥላት! የማን ሆና ነው በእሱ ፈንታ የምትቀመጠው?»

ጫልቱ አልሰጠችኝም። ሴትዮዋን እንደገና ወደ ብርሃኑ አነሣቻትና ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ተሰማን ያቃጠሉት ሳያዩት ነው» አለችኝ። «እኔ ይቺን አይቻታለሁ።»

ጥቅልሉን እንደነበረ መልሳ፣ ክዳኑን በመዳፏ ተጭና ዘጋችው።