ባሕር ውስጥ ፍሬን የያዙት አሰልጣኝ

መኪና መንዳት ለሚያስተምር ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ወንበር ተቆርጦለታል፤ እሱም ከሹፌሩ ጎን ያለው ነው። ታክሲ ይሳፈር፣ ሶፋ ላይ ይጋደም፣ ቀኝ እግሩ ፍሬን ፍለጋ ወለል ሲዳብስ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ መኪና ተሳፍራችሁ አታውቁም፣ ወይ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የኛው ክቡር አሰልጣኝ ግማሹን ከተማ ያስነዱ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሾርባ ስታማስል ከጀርባዋ ቆመው «ቀስ... ቀስ... ፍሪሲዮኑን ባንዴ እንዳትለቂው» ይላሉ። ከአልጋ ስትወርድ «ፍሬቻ አላሳየሽም» ይላሉ። አንድ ሐኪም መርፌ ይዞ ሲጠጋቸው «መጀመሪያ ስፖኪዮ!» ብለው ጮኸውበት መርፌው ከእጁ ወድቋል ይባላል። ባለቤታቸው ይህን ስትጠየቅ አልካደችም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት እሳቸው ቤት ሲደርስ ነቅዞ ነው የተገኘው።

እሷ ደግሞ የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ናት። የሚያለቅሰውም፣ የሚቆጣውም፣ ቁጥር ተሳስቶ የደወለውም ቀኑን ሙሉ በጆሮዋ ሲፈስ ይውላል። «ማንን ላገናኝልዎ?» እያለች ሁሉንም ወደየፈላጊው ትሸኛለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ለማንም ልታስተላልፈው የማትችለው አንድ ድምፅ ይጠብቃታል። ትወዳቸዋለች፤ መዝጊያው የተነቀለ ሬዲዮ እንደሚወደደው። ያማራት ግን ዝምታ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ፣ ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ሰው መተንፈሻ ቱቦ ስለሚነክስ መናገር እንደማይችል ሰማች። የዚያኑ ዕለት የዓመት ፈቃድ ጠየቀች።

«ለመዝናናት ነው?» አሏት አሰልጣኙ።

«ለመዝናናት ነው።»

«ባሕር ውስጥ?»

«ባሕር ውስጥ።»

አሰብ አደረጉና «ማነው የሚያሽከረክረው?» አሉ።

የሄዱባት ደሴት መሐረብ ታክላለች። ውኃው ጠጠሩን እስኪያስቆጥር የጠራ፣ ዘንባባው ለነፋስ እጅ የሚነሣ፣ ማለዳው እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ቀስ ብሎ የሚገለጥ። ልብ ያለው ሰው እዚህ ሲደርስ ቃል ያጥረዋል። ክቡር አሰልጣኝ ግን ጀልባዎቹን አይተው፣ «ይሄ አቋቋም ፈተና ያስወድቃል» አሉ። እሷም መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃውን ከፍታ አንጎራጎረች፦

*ቃል ሳይወጣው ቢያየኝ፣ ምነው ለአንድ አፍታ፤*
*ባሕሩስ ዝም ይላል፣ ሞገዱ ሲረታ።*

እንግዶችን ይዛ የምትጠልቀው ጎልማሳ ሴት «ካፒቴኗ» ትባላለች። ባሕሩ ወለል ላይ ካለው የኮራል ቋጥኝ ሥር አንዲት አሮጊት ኤሊ እንደምትኖር፣ ደሴቷ ድረስ የሚመጣ ሰው ሁሉ እሷን ለማየት እንደሚመጣ ነገረቻቸው። ባለቤታቸው ልቧ ተንጠለጠለ። ያቺን ኤሊ በጸጥታ ልታያት ፈለገች፤ ሌላ ምንም አላማራትም።

መጀመሪያ ሲወርዱ ነገሩ ሁሉ እንዳሰበችው ሆነ። ከአሰልጣኙ አፍ አረፋ እንጂ ቃል አልወጣም። ዝምታው እንደ ሐር ጆሮዋን ሸፈነው። ሦስቱም አሸዋው ላይ ተንበርክከው ሲጠብቁ ኤሊዋ ከኮራሉ ጀርባ አንገቷን ብቅ አደረገች።

ክቡር አሰልጣኝ ፍሬን ያዙ።

እግራቸው ላይ የዓሣ ክንፍ የሚመስል ረጅም ጫማ ነበር። ያ ክንፍ ወለሉን ሲመታው አሸዋው እንደ ጭስ ተነሣ። ኤሊዋም፣ ኮራሉም፣ ባሕሩም ጠፉ። ባለቤታቸው ያየችው የገዛ እጇን ብቻ ነው፤ እሱንም በግምት።

«ጋሼ፣ እግርዎን ምን ነካው?» አለች ካፒቴኗ ጀልባው ላይ ሲወጡ።

«እኔን ምንም አልነካኝም። ኤሊዋ ናት ቅድሚያ ሳትሰጥ የገባችው።»

በማግስቱም ወረዱ፤ በማግስቱም ያዙ። ከዚያ ወዲያ ካፒቴኗ ክንፉን አስወልቃቸው፣ በባዶ እግራቸው ያዙ፤ አሸዋው ልዩነቱን አላወቀም። የመጨረሻው ቀን ዋዜማ ሲደርስ ባለቤታቸው ከኤሊዋ አንገት በቀር ምንም አላየችም ነበር።

«ነገ ብቻዬን ልውረድ» አለቻቸው።

አሰልጣኙ ቀና ብለው አዩዋት። ምክር ይከተላል ብላ ጠበቀች።

«ጥሩ» አሉ።

በማግስቱ ከካፒቴኗ ጋር ወረደች። ውኃው ረግቷል። ኤሊዋ መጣች፤ ልብሷን ሰብስባ እንደምትራመድ እመቤት፣ ጀርባዋ ላይ የፀሐይ ዘንግ እየተሰበረ፣ በፊቷ አለፈች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ባለቤታቸው ዕንባዋ መነጽሯን ሞላው። እንዲህ ያለ ነገር ለብቻ የሚያዝ አልመስል አላት፤ ወደ ጎን ዞረች። ጎኗ ውኃ ብቻ ነበር። ዕድሜ ልኳን የሰውን ድምፅ ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት፣ ይህን የምታገናኘው አጣች። ዝምታው ያው ሐር ነበር፤ ግን ይበርድ ጀመር።

ወደ ላይ ስትወጣ ጀልባ ነጂው ጎትቶ አሳፈራትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ጋሼ ደህና ናቸው? አጠገቤ ተቀምጠው እኮ እንዴት እንደምነዳ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አመማቸው እንዴ?»

አሰልጣኙ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባሕሩን ያያሉ። እግሮቻቸውን አግዳሚው ሥር ቆልፈዋቸዋል። እሷ ክው አለች።

«አየኋት» አለቻቸው።

«እሰይ።»

«ምነው? አትጠይቀኝም?»

«አንቺ እረፍት ፈልገሽ ነው የመጣሽው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ... እኔን ታውቂኝ የለ።»

ባለቤታቸው እርጥብ እንደሆነች አጠገባቸው ተቀመጠች።

«በል ንገረኝ።»

«ምን ልንገርሽ? ያየሽው አንቺ!»

«ማየቱንስ አየሁ። አልገባኝም እንጂ። አንተ ካልነገርከኝ እንዴት አድርጌ ነው የሚገባኝ?»

ክቡር አሰልጣኝ ጥቂት ተጠራጠሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ኤሊ ማለት» ብለው ጀመሩ፣ «ዝም ብላ ዘው አትልም። መጀመሪያ ግራዋን ታያለች። ቀጥላ ቀኟን...»

ኤሊዋ ግራዋንም ቀኟንም አላየችም ነበር። ባለቤታቸው ጨው የጠጣ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች።

«ከዚያስ?» አለች።